አልነሣ ያለ አሮጌ መኪና፤ ሞተሪኖ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ

በጥቁር ዓባይ ዳር፣ ከካርቱም ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው ሶባ በጥንት ዘመን የዐልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት ዋና ከተማ እንደ ነበረች የታሪክ ሰዎች ያውቃሉ። ለካርቱም ገበያተኛ ግን ሶባ ማለት የአትክልትና የከብት መኖ አገር ናት። የዚህ አገር አትክልት አምራች ጥቅሙና ጉዳቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ጎሕ ሲቀድ በሚያልፉት ጥቂት ሰዓቶች ነው። ቲማቲሙ ማታ ተለቅሞ በሣጥን ይደረደራል፤ ሣጥኑም ሱዳኖች ቦክስ በሚሉት በአሮጌው ፒክ አፕ ይጫናል፤ ፀሐይ ሳትበረታም ገበያ መድረስ አለበት። በሜይና በጁን ወሮች የካርቱም ቀትር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚሞቅ፣ ረፍዶ የደረሰ ቲማቲም ገዢ ቢያገኝ እንኳ ዋጋ አያገኝም። እንግዲህ ባለ መኪናው በሌሊት ተነሥቶ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ዝም ያለ እንደ ሆነ፣ የሚቀርበት የአንድ ቀን መንገድ ብቻ ሳይሆን የአንድ ወቅት ድካም ነው።

በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው ልማድ የታወቀ ነው። «ሞተሪኖው ሞቷል» ይባላል፤ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሌላ ሞተሪኖ ይገዛል፤ ይገጠማል፤ መኪናውም ይነሣል። ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እንደ ቀድሞው ዝም ይላል። ባለቤቱም ሻጩን ይረግማል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሻጩም ሞተሪኖውም ጥፋት የለባቸውም። መኪናው ለጥቂት ቀን የተነሣው አሮጌው ሞተሪኖ ሲፈታና አዲሱ ሲገጠም የገመዱ ራስና ቡሎኑ ተፋፍቀው ዝገቱ ለጊዜው ስለ ለቀቀ ነው። በሽታው ያለው በገመዱ ሲሆን የተለወጠው ሞተሪኖው ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለ መኪናው ወይም ባለ ትራክተሩ አንዳች ዕቃ ሳይገዛ አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል አልፎ የት ላይ እንደሚጠፋ በተራ እንዲመረምር ለማስረዳት ነው።

ጉዳዩን ዛሬ የበለጠ አስፈላጊ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። በካርቱም በኤፕሪል 15 ቀን 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ መኪና ተዘርፏል፤ ያልተዘረፈውም ያለ ጠባቂ በየግቢው ቆሟል። የሱዳን ጦር በማርች 2025 ከተማይቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው። የቆመ መኪና ደግሞ ከሚሠራ መኪና ይልቅ ይበላሻል፤ ባትሪው ይሞታል፣ ማያያዣው ይዝጋል፣ አይጥም ሽቦውን ይቆረጥማል። ስለዚህ የሚከተለው ምርመራ የሌሊት ገበያተኛውንም ከስደት የተመለሰውንም ይመለከታል፤ ከሶባ በዋድ መደኒና በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ጋላባትና መተማ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ለሚመላለሰው ሾፌርም እንዲሁ ይጠቅማል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጋራዦች የመኪና ዕቃ ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ስለ ሆነ ሞተሩን ቀስቅሶ የሚያስነሣውን ትንሽ ሞተር «ሞተሪኖ» እንላለን። ይህንኑ ዕቃ የካርቱም መካኒኮች ከእንግሊዝኛው ቃል ወስደው «ሰልፍ» ይሉታል፤ ከአማርኛ ተናጋሪ ደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ ወረፋ ያዝ የተባለ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን የሞተሩንና የሻንሲውን ብረት ደግሞ መካኒኮቻችን «ማሳ» ይሉታል። ይህ ከገበሬው ማሳ ጋር የማይገናኝ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ ሆኖም ገበሬው ስለ ውሃና ስለ ማሳ የሚያውቀው ነገር ኤሌክትሪክን ለመረዳት ብዙ ይረዳዋል።

በመስኖ የሚያለማ ሰው ውሃ ከፓምፕ ተነሥቶ በዋናው ቦይ እንደሚሄድ፣ በመክፈቻው አልፎ ወደ እርሻው እንደሚገባ ያውቃል። በመኪናም ባትሪው ፓምፑ ነው፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ዋናው ቦይ ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ ከውሃ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ውሃ እርሻው ውስጥ ሰምጦ ይቀራል፣ ኤሌክትሪክ ግን ሥራውን ፈጽሞ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ራስ መመለስ ይኖርበታል። የመመለሻው መንገድ ከተቋረጠ የመሄጃው መንገድ ምንም ያህል ቢጸዳ አይጠቅምም። ባለ መኪናዎች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህን የመመለሻ መንገድ ነው።

ከዋናው ቦይ ሌላ አንዲት ትንሽ መስመር አለች። ቁልፉ ሲዞር ጥቂት ኤሌክትሪክ በቀጭን ሽቦ ወደ ሞተሪኖው ጀርባ ይሄድና ሶሌኖይድ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ማግኔት ያስነሣል። ሶሌኖይዱም ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የሞተሪኖውን ትንሽ ጥርስ ገፍቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ያገናኛል፣ የዋናውንም ቦይ መክፈቻ ይከፍታል። እንግዲህ አልነሣ ያለ መኪና ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «ጉድለቱ ከዋናው ቦይ ነው ወይስ ከትንሿ መስመር?» የሚል ነው።

ይህ ሁሉ ዘዴ ጥንታዊ አይደለም። ቀድሞ መኪና የሚነሣው በእጅ በሚዞር ማኖቬላ ነበር፤ ማኖቬላውም ተመልሶ እየመታ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በ1911 የኤሌክትሪክ ሞተሪኖን ለካዲላክ ሠርቶ በ1912 ሞዴል መኪናዎች ላይ ተገጠመ። በፑንቲና የሚሠራውን የባትሪ እሳት አሰጣጥም ያስፋፋው እርሱ ነው። ዛሬ በየገጠሩ የሚሠሩት አሮጌ የቤንዚን መኪናዎች በመሠረቱ ያንኑ ዘዴ የያዙ ናቸው። ይህም ለገበሬው መልካም ዕድል ነው፤ አዲሱ መኪና ኮምፒዩተር ካልተጠየቀ በቀር ሕመሙን አይናገርም፣ አሮጌው ግን በድምፁ ይናገራል።

ስለዚህ ምርመራው የሚጀመረው በጆሮ ነው። የፊት መብራቱ ይብራና አንድ ሰው ቁልፉን ያዙር፤ ሌላው ድምፁን ይስማ፣ መብራቱንም ይመልከት። ቁልፉ ሲዞር ምንም ድምፅ ሳይሰማ መብራቱም ሳይደበዝዝ የቀረ እንደ ሆነ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው ለመሄድ ከቶ አልተነሣም፤ ጉድለቱ በትንሿ መስመር ነው ማለት ነው። መብራቱ ሊጠፋ እስኪደርስ ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል፤ ወይም የባትሪው ራስ ማሰሪያ በዝገት ተይዟል። አንድ ጊዜ ብቻ «ጣ!» ብሎ ዝም ካለና መብራቱ ብሩህ ሆኖ ከቆየ፣ ሶሌኖይዱ መክፈቻውን ገፍቶ ሳለ ኤሌክትሪኩ አላለፈም። ሞተሪኖው በባዶ እየጮኸ የሚሽከረከር ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ነው፤ ጥርሱ ከቮላኖው አልተያያዘም፣ ወይም የቮላኖው ጥርስ ተበልቷል።

እንደ መትረየስ «ጣጣጣጣ» የሚለው ድምፅ ግን የተለየ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው እርሱ ነውና። በሶሌኖይዱ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ፤ አንደኛው ሳቢ፣ ሁለተኛው ያዥ ነው። መክፈቻው እንደ ተከፈተ ሳቢው ሥራውን ያቆምና ያዡ ብቻውን ይቀራል። ባትሪው የደከመ ወይም ማያያዣው የዛገ ከሆነ፣ ሞተሪኖው ኃይሉን መሳብ በጀመረበት ቅጽበት ቮልቱ ይወድቃል፤ ያዡም አቅም አጥቶ ይለቃል፤ መክፈቻው ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ቮልቱ ይመለሳል፤ ሳቢው እንደ ገና ይስባል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለሚመላለስ ያ ድምፅ ይሰማል። እንግዲህ ይህ ድምፅ የሞተሪኖ ሞት ምልክት ሳይሆን የኃይል ማነስ ምልክት መሆኑን ማወቅ ብቻ የስንቱን ሰው ገንዘብ ባዳነ!

ከጆሮ ቀጥሎ ወደ ባትሪው እንሂድ። ለዚህ ሥራ ቴስተር የሚባለው መለኪያ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ከአንድ ሞተሪኖ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ስላይደለ ለጥቂት ገበሬዎች በማኅበር ቢገዛ አይከብድም። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ያደረ እንደ ሆነ የሙሉ ባትሪ ቮልት 12.6 ያህል ነው። 12.4 ቢሆን ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ቢሆን ግማሽ ያህል ኃይል አለው፤ ከ12 በታች ከሆነ ተሟጧል ማለት ይቻላል። ቆሞ ሲለካ ጥሩ የሚመስል ባትሪ ግን ሥራ ላይ ሊከዳ ይችላል፤ ስለዚህ ሞተሪኖው ሲዞርም ይለካ። በዚያን ጊዜ ቮልቱ ከ9.6 በታች የወረደ እንደ ሆነ ባትሪው በመጀመሪያ ይሞላ፤ ተሞልቶም እንዲሁ ከወረደ ዘመኑን ጨርሷል።

በሶባ አገር የባትሪ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ብርድ የባትሪን ኃይል ለጊዜው ያደክማል እንጂ አይገድልም፤ ሙቀት ግን ውስጡን ይበላል። የባትሪ ሠሪዎች የጋራ ግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል የሚል ነው። ውሃውም ስለሚተን፣ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ በበጋ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ይታይ፤ የጎደለውም በተጣራ ውሃ ብቻ ይሞላ። የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑን ይዞ ስለሚገባ ይጎዳል፤ አሲድ መጨመር ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። በባትሪ አጠገብ ሲጃራ ማጨስ ወይም ክብሪት መጫር ክልክል ነው፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን የሚባለው ጋዝ በእሳት ይፈነዳል።

ባትሪው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ወደ ዋናው ቦይ እንለፍ፤ የጽሑፋችንም ልብ ይህ ነው። አንድ የቤንዚን መኪና ሞተሪኖ 150 አምፔር ያህል ይስባል፤ የናፍታ ሞተር ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። የቤት አምፖል ከሚስበው ጋር ሲነጻጸር ይህ እንደ ደራሽ ወንዝ ነው። ደራሽ ወንዝ በጠባብ ቦይ ሲያልፍ ኃይሉ እንደሚባክን፣ ይህም ኤሌክትሪክ በጥቂት ዝገት ላይ ብዙ ይባክናል። የአንድ ኦም አንድ መቶኛ የሆነች መሰናክል፣ በዓይን የማትታይ የዝገት ቅርፊት፣ በ150 አምፔር ላይ 1.5 ቮልት ትበላለች። ያችው ቅርፊት ለአንዲት አምፖል መንገድ ብትሆን ግን የምትበላው ከቁጥር አይገባም። መብራቱ ደኅና እየበራ ሞተሪኖው የማይዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ «መብራት ስላለ ገመዱ ጤነኛ ነው» የሚለው አነጋገርም ከዚህ የተነሣ ስሕተት ነው።

ይህን ብክነት ገመዱን ሳይፈቱ በቴስተር መለካት ይቻላል። በመጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ማርሹም ነጻ ይሁን። ሞተሩ ቢነሣ ልኬቱ ስለሚበላሽ በቤንዚን መኪና ወደ ቦቢናው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ይነቀል፤ በናፍታ ደግሞ የማጥፊያው እጀታ ይሳብ። ከዚህ በኋላ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ ራስ ላይ፣ ማለት በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በእርሳሱ ግንድ ላይ ይቀመጥ፤ ሁለተኛው ጫፍ ወፍራሙ ገመድ በሞተሪኖው ላይ በሚታሰርበት ቡሎን ላይ ይቀመጥ። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቴስተሩ የሚያሳየው በመንገድ የጠፋውን ቮልት ነው። 0.2 ቮልት ያህል ቢጠፋ ደኅና ነው፤ ከ0.5 ካለፈ ግን ገመዱ ወይም ማያያዣው ታሟል። ቀጥሎ ሁለቱ ጫፎች በሶሌኖይዱ ሁለት ወፋፍራም ቡሎኖች ላይ ይቀመጡ፤ ቁልፉ ሳይዞር 12 ቮልት ያህል ይታያል፣ ሲዞር ግን ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ሶሌኖይዱ «ጣ!» ብሎ ሳለ 12 ቮልቱ እንዳለ ከቆየ መክፈቻው ውስጥ ያለው መዳብ ተበልቷል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘነጋውን መመለሻ መንገድ እንለካ። አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ግንድ፣ ሌላው በሞተሪኖው የብረት አካል ላይ ይሁን። ቁልፉ ሲዞር ከ0.2 ቮልት በላይ ከታየ ማሳው ታሟል። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ስለ ሆነ ራሱ ከሻንሲው ጋር በብረት አይነካካም፤ የሚያገናኛቸው አንድ የተጎነጎነ የመዳብ ጠፍር ነው። ይህ ጠፍር ከሥር ስለሚገኝ ጭቃና ዘይት ይለብሳል። በሶባ አካባቢ አፈሩ በየቦታው ጨዋማ ስለ ሆነ፣ በመስኖ ቦይ ውስጥ የሚያልፍ መኪና ጨው ያለበት ጭቃ ተሸክሞ ያድራል፤ ጨውና እርጥበት ደግሞ ለዝገት ድግስ ናቸው። ጠፍሩ ተበጥሶ ከቀረ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ የጋዝ መርገጫው የብረት ገመድ ወይም የእጅ ማፈኛው ገመድ መንገድ ይሆነዋል። ሞተሪኖ በዞረ ጊዜ የጋዝ ገመድ ሲግል ወይም ሲጨስ የታየ እንደ ሆነ ሌላ ምርመራ አያሻም፤ ጠፍሩ ይታይ።

ቴስተር የሌለው ሰው ይህንኑ በሌላ መንገድ ሊያረጋግጥ ይችላል። ባትሪ ለመዋዋስ ከምንጠቀምባቸው ሁለት ወፋፍራም ገመዶች አንደኛውን ወስዶ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይያዝ። ሞተሪኖው ወዲያው በኃይል ከዞረ በሽታው ማሳው ነው። ወይም ደግሞ ሞተሪኖውን ለጥቂት ሴኮንዶች አዙሮ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ይዳስስ፤ የሞቀው ማያያዣ ኃይል የሚባክንበት ነው። መድኃኒቱም ርካሽ ነው፤ ኔጋቲቩን በመጀመሪያ ፈትቶ፣ ማያያዣውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ማጽዳት፣ የባትሪውን ነጭ ዝገት ቢካርቦኔት በተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ ማጠብ (ወደ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቆ)፣ አጥብቆ ማሰርና ቫዝሊን መቀባት፣ ኔጋቲቩንም በመጨረሻ መመለስ። ሻንሲው ቀለም ከተቀባ በኋላ መነሣት ያቃተው መኪና ካለ፣ ጠፍሩ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ያለው ቀለም ይፋቅ፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም።

ዋናው ቦይ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ምንም ድምፅ ከሌለ ወደ ትንሿ መስመር እንመለስ። በሶሌኖይዱ ላይ የሚገባው ቀጭን ሽቦ ቁልፉ ሲዞር ቮልት ማግኘት አለበት። ካገኘና ሶሌኖይዱ ዝም ካለ፣ ማሳው ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው፤ ካላገኘ ፊውዙ፣ የቁልፉ ማብሪያ ወይም የደኅንነት ማቋረጫው ይታይ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና በፓርክ ወይም በነጻ ካልሆነ አይነሣም። በማሴይ ፈርጉሰን 135 ትራክተር ላይም የዝቅተኛና የከፍተኛ ፍጥነት መምረጫው ዘንግ በመካከል «ኤስ» በሚለው ምልክት ላይ ካልቆመ ሞተሪኖው አይታዘዝም፤ ይህን ሳያውቅ መካኒክ ያስጠራ አዲስ ነጂ ጥቂት አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ክፉ ልማድ ሳንናገር አናልፍም። አንዳንድ ነጂዎች ትራክተሩ መሬት ላይ ቆመው በብሎን መፍቻ የሞተሪኖውን ሁለት ቡሎኖች አገናኝተው ያስነሣሉ። ይህ አሠራር የደኅንነት ማቋረጫውን ይዘልላል፤ ትራክተሩ ማርሽ ውስጥ ከሆነ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ኋለኛው ጎማም በፊቱ የቆመውን ሰው ይጨፈልቃል። በልዩ ልዩ አገሮች በዚህ ምክንያት የሞቱ ገበሬዎች አሉ። መሞከር የግድ ከሆነ ነጂው ራሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማርሹን ነጻ አድርጎና ፍሬን ይዞ እንጂ ማንም በጎማ ፊት ቆሞ አይሞክር።

ይህ ሁሉ ታይቶ ጥፋቱ የሞተሪኖው ሆኖ ቢገኝም እንኳ መላውን መለወጥ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ካርቦኖቹ አልቀው ከሆነ በሞተሪኖው አካል ላይ በመዶሻ እጀታ ቀስ ብሎ ሲመታ ለጊዜው ይዞራል፤ ይህም ራሱ ምርመራ ነው። ብዙ ቶዮታዎች በያዙት የዴንሶ ሞተሪኖ ውስጥ የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ የመዳብ መገናኛዎች ናቸው፤ እነርሱን ብቻ መለወጥ ይቻላል።

እስካሁን የተናገርነው ስለማይዞር ሞተር ነው። ሞተሩ በኃይል እየዞረ የማይነሣ ከሆነ ግን ሞተሪኖውን እናመስግነውና ወደ እሳቱ እንሂድ፤ ይህም የቤንዚን መኪናን ብቻ ይመለከታል፣ ናፍታ በመታመቅ እንጂ በካንዴላ እሳት አይነድምና። አንድ ካንዴላ ተፈትቶ፣ ከሽቦው ጋር እንደ ተያያዘ የብረት አካሉ በሞተሩ ብረት ላይ ይቀመጥ፤ ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ እንዳይኖር ይታይ፣ ሽቦውም በጎማ በተሸፈነ ጉጠት ይያዝ። ሞተሩ ሲዞር ብርቱ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ጤነኛ ነው፤ ጉድለቱ በቤንዚኑ በኩል ይፈለግ። ብልጭታው ቀይና ደካማ ከሆነ ወይም ከሌለ ወደ ኋላ እንከተለው።

አንዲት የ12 ቮልት አምፖል በቦቢናው ኔጋቲቭ ራስና በማሳው መካከል ትታሰር። ሞተሩ ሲዞር እየበራች እየጠፋች ከሄደች ፑንቲናው ሥራውን ይሠራል፤ ጥርጣሬው በቦቢናው፣ በእሳት አከፋፋዩ ክዳንና በሽቦዎቹ ላይ ይሆናል። ሳትጠፋ የምትበራ ከሆነ ፑንቲናው አይገጥምም፤ ከቶ የማትበራ ከሆነ ወይ ወደ ቦቢናው ኤሌክትሪክ አልደረሰም፣ ወይ ፑንቲናው ተጣብቋል። ሐቡብ የሚባለው የካርቱም የአቧራ ማዕበል ካለፈ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ይጠረግ። የፑንቲናው ክፍተት በብዙ አሮጌ መኪናዎች ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ መለኪያ የሌለው ሰው አራት የጢም ምላጭ ደርቦ ቢጠቀም 0.4 ያህል ያገኛል። ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ ኮንደንሰሩ ይለወጥ።

ሁለት ምልክቶች ብቻቸውን ይነገሩ። ቁልፉ እየዞረ ሳለ ሞተሩ ተነሥቶ ቁልፉ በተለቀቀ ቅጽበት የሚጠፋ ከሆነ፣ ለቦቢናው ቮልት የሚቀንሰው መቋቋሚያ ወይም የቁልፉ ማብሪያ ተቃጥሏል፤ በሚነሣበት ጊዜ ኤሌክትሪኩ በሌላ መንገድ ስለሚያልፍ ነው። ሁለተኛው የሙቀት በሽታ ነው፤ ጠዋት ደኅና ተነሥቶ ቀትር ላይ በመንገድ የሚቆም፣ ሲበርድም የሚነሣ መኪና። ቦቢናው በሙቀት ሊታመም ይችላል፤ ቤንዚኑም በቧንቧው ውስጥ ወደ ተን ሊለወጥ ይችላል፤ ሁለቱም አንድ መልክ አላቸው። ለመለየት መኪናው እንደ ቆመ ወዲያው ብልጭታው ይታይ። ብልጭታ ከሌለ እርጥብ ጨርቅ በቦቢናው ላይ ይደረግ፤ በርዶ ከሠራ ቦቢናው ነው። ብልጭታ ካለ ጨርቁ በቤንዚን ፓምፑ ላይ ይደረግ።

በደጋ አገር፣ በጎንደርም ሆነ በሸዋ፣ ባትሪው የደከመ ሾፌር ማታ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ያድርና ጠዋት በማንከባለል ያስነሣዋል። ሶባ ግን ሜዳ ናት፤ እዚያ ማንከባለል ማለት ስድስት ሰው መቀስቀስ ማለት ነው። ስለዚህ ባትሪው ለምን ሌሊት እንደሚያልቅ ማወቅ ይሻላል። ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካልታየ ዲናሞው አይሞላም፤ በመጀመሪያ ቺንጋው እንዳልላላ ይታይ። የሚሞላ ከሆነና ቢሆንም ሌሊት የሚያልቅ ከሆነ፣ ሁሉ ነገር ተጠፍቶ የኔጋቲቩ ገመድ ይፈታና ያችው አምፖል በገመዱና በባትሪው ግንድ መካከል ትያዝ። ከበራች የሆነ ነገር ኤሌክትሪክ እየሰረቀ ነው፤ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ አምፖሏን ያጠፋው ፊውዝ የሌባው መንገድ ነው።

ከ2023 ጀምሮ ቆሞ የኖረን መኪና በተመለከተ የባትሪውን ነገር መተው ይሻላል። ባዶ ሆኖ ለወራት የተቀመጠ ባትሪ ውስጡ ጠንካራ የእርሳስ ጨው ስለሚጋገርበት ተሞልቶ አይመለስም። አዲሱን ባትሪ ከማሰር በፊት ሞተሩ በእጅ የሚዞር መሆኑ፣ ሽቦዎቹም በአይጥ ያልተበሉ መሆናቸው ይታይ፤ የተላጠ ሽቦ ላይ ባትሪ ማሰር መኪና ማቃጠል ነው። በጦርነቱ ጊዜ በካርቱም መዳብ ከቤትና ከመንገድ ሁሉ እየተፈታ ስለ ተዘረፈ፣ የባትሪ ገመዱ የሌለበት መኪናም አይታጣም። በዚህ ጊዜ በእጅ የተገኘውን የቤት መብራት ሽቦ መተካት የሚፈትን ነገር ነው። ግን እናስላው። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የቤት ሽቦ በአንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ላይ ለ150 አምፔር ሲሠራ 1.6 ቮልት ያህል ይበላል፤ የሚበላውም ሁሉ ሙቀት ሆኖ ላስቲኩን ያቀልጣል። 35 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ግን በዚያው ርዝመት 0.1 ቮልት ብቻ ያጠፋል። ለትንሽ የቤንዚን ሞተር ይህ ይበቃል፤ ለናፍታ 50 ወይም 70 ይፈለግ፣ የማሳውም ገመድ ከፖዘቲቩ ያልቀጠነ ይሁን።